በጓዝ የሚዞር እሳት፦ ከቤት ውጭ ትኩስ መጠጥ የሚፈላባቸው ምድጃዎች

ከቤት ውጭ፣ በተራራ ላይ ወይም በሐይቅ ዳር፣ አንድ በራድ ሻይ ወይም ቡና ለማፍላት የሚያገለግለው ምድጃ ሲታይ ቀላል ዕቃ ቢመስልም፣ የሚወጣው ሥራ በማዕድ ቤት ካለው ምድጃ ሥራ የከበደ ነው፤ ነዳጁ ከምግቡና ከልብሱ ጋር በሰው ጀርባ ወይም በበቅሎ ስለሚጓዝ መጠኑ የተወሰነ ነው፣ ነፋሱ ነበልባሉን ይበትነዋል፣ ቅዝቃዜው ድስቱ የተቀበለውን ሙቀት መልሶ ይነጥቃል፣ ከፍታውም ውሃው የሚፈላበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርገዋል። ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት የተሠሩ ተንቀሳቃሽ ምድጃዎች ሁሉ ለእነዚህ አራት ችግሮች የቀረቡ ልዩ ልዩ መፍትሔዎች ናቸው። ታሪካቸውን በቅርብ ለሚመረምር ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ እሳቱን የሚያነደው ክፍል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከደረሰበት ደረጃ እምብዛም አልራቀም፣ ትልቁ መሻሻል የታየው የነደደው ሙቀት ወደ ውሃው ሳይገባ እንዳያመልጥ በሚያደርጉት ነገሮች ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይጠቅማል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 335 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ኪሎ ጁል የኃይል መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ግራም ላምባ፣ በተለምዶ ነጭ ጋዝ የሚባለው ነዳጅ፣ ሲቃጠል 43 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ምንም የሚባክን ሙቀት ባይኖር ኖሮ አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት 8 ግራም ላምባ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ነዳጅ፣ በበቃ ነበር። በተግባር ግን ምንም መከለያ በሌለው ተራ ምድጃ ላይ ግማሽ ያህሉ ሙቀት፣ ነፋስ ባለበት ደግሞ ከዚያ የሚበልጠው፣ በድስቱ ጎን ሾልኮ ወደ አየር ይሄዳል። በበረዶ አገር የሚጓዝ ሰው ተጨማሪ ዕዳ አለበት፤ አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ ዜሮ ዲግሪ ያለው ውሃ እንዲሆን ብቻ የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ከሚፈጀው ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። የዋልታ ተጓዦችና የተራራ ወጪዎች ስለ ምድጃቸው አብዝተው ይጨነቁ የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምድጃው ከተበላሸ ሻይ ብቻ ሳይሆን የሚጠጣ ውሃም አይኖርም።

ላምባ በክር እየተሳበ በሚነድበት አሮጌው ዓይነት ምድጃ ነዳጁ ከአየር ጋር በደንብ ሳይቀላቀል ስለሚቃጠል ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱንም በጥቀርሻ ያጠቁረዋል። ይህን የለወጠው በስቶክሆልም በአንድ ፋብሪካ መካኒክ የነበረው ስዊድናዊ ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፕሪሙስ የተባለውን ምድጃ ሠራ። መነሻ የሆነው ሐሳብ የቀለም ቀቢዎችና የብረት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የነበረው፣ ነዳጁን በግፊት እያተነነ የሚያነድ የእጅ መለብለቢያ ነው። ምድጃው ከነሐስ የተሠራ ክብ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ በጎኑ የገባች ትንሽ የእጅ ፓምፕ፣ ከላዩ ደግሞ ላምባው የሚወጣባቸው ቱቦዎች አሉት። አነዳዱም እንዲህ ነው፦ በቱቦው ሥር ባለችው ትንሽ ሳሕን ላይ አልኮል ፈስሶ ይለኮስና ቱቦዎቹ በደንብ እስኪግሉ ይጠበቃል፤ ከዚያ ፓምፑ ሲገፋ በማጠራቀሚያው ውስጥ የታመቀው አየር ላምባውን ወደ ላይ ያስወጣዋል፣ ላምባው በጋለው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ትነት ይለወጣል፣ ትነቱም እንደ መርፌ ጫፍ በቀጠነች ቀዳዳ በኃይል ወጥቶ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ነበልባሉ ራሱ ቱቦዎቹን እያጋለ ስለሚቆይ፣ ከተለኮሰ በኋላ ያለ ሌላ ረዳት የሚቀጥል ዑደት ይሆናል። ትዕግሥት አጥቶ ቱቦው ሳይግል የሚገፋ ሰው ግን የሚያገኘው ትነት ሳይሆን የፈሳሽ ላምባ ፍንጣቂና ክንድ የሚያህል ቢጫ እሳት ነው።

ፕሪሙስ ጥቀርሻ የሌለው፣ ኃይለኛና ነዳጁን የማያባክን ስለነበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የታላላቅ ጉዞዎች ሁሉ ጓድ ሆነ። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ፍራም በተባለችው መርከብ ከ1893 እስከ 1896 ባደረገው የሰሜን ዋልታ ጉዞ፣ የአገሩ ልጅ ሮአልድ አሙንድሰን በ1911 ወደ ደቡብ ዋልታ ሲደርስ፣ ቴንዚንግ ኖርጋይና ኤድመንድ ሂላሪ በ1953 ኤቨረስትን ሲወጡ ይዘውት ነበር። በ1916 ኤርነስት ሻክልተንና አምስት ባልደረቦቹ ጄምስ ኬርድ በተባለች ትንሽ ጀልባ ከኤለፋንት ደሴት ወደ ሳውዝ ጆርጂያ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ማዕበል እየመታቸው ሲጓዙ፣ ምድጃውን በእግሮቻቸው መካከል አጣብቀው ድስቱን በእጃቸው ይዘው ከወተት ዱቄት ትኩስ ወተት እያፈሉ መጠጣታቸው በሕይወት ለመድረሳቸው ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ይታመናል። ከሁሉም በላይ የዕቃውን ጥንካሬ የሚመሰክረው ግን የሌላ ጉዞ ፍጻሜ ነው። ስዊድናዊው ሳሎሞን አውጉስት አንድሬ በ1897 ከሁለት ጓዶቹ ጋር በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ለመብረር ተነሥቶ ሦስቱም በበረዶ ላይ ወድቀው ጠፉ፤ ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ ክቪቶያ በተባለችው ደሴት አስከሬናቸውና ጓዛቸው ሲገኝ ከዕቃዎቹ መካከል የነበረው ፕሪሙስ በሙከራ ጊዜ ሠርቷል።

በፕሪሙስ ዘመን አቅራቢያ፣ ነዳጅ ተሸክሞ መሄድን ጭራሹን የሚያስቀር ሌላ መንገድም ተስፋፍቶ ነበር። በምዕራብ አየርላንድ በሜዮ አውራጃ፣ በኮን ሐይቅ ዳር፣ በ1890ዎቹ የተጀመረው የኬሊ በራድ አሠራሩ የሳሞቫር ነው፤ በመካከሉ ከታች እስከ ላይ ክፍት የሆነ ጭስ ማውጫ አለው፣ ውሃው ደግሞ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ባለው ድርብ ግድግዳ ውስጥ ይቀመጣል። ከሥሩ ባለችው ሳሕን ላይ ጭራሮ፣ ደረቅ ሣር ወይም የደረቀ ኩበት ሲነድ፣ ነበልባሉ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ላይ ስለሚሳብ ውሃው ከዙሪያው ሁሉ ይሞቃል፤ ነፋስ ሲበረታ እሳቱ ከመጥፋት ይልቅ ይበልጥ ይቀጣጠላል። የሙቀት ቁጠባ ጉዳይ ከተነሣ፣ ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጠው ብዙ ነገር በዚህ በራድ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። በኒው ዚላንድም ጆን ሃርት የተባለ ሰው በ1929 ተርሜት የተባለ ተመሳሳይ በራድ ሠርቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኒው ዚላንድ ወታደሮች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ሻያቸውን አፍልተውበታል። ተጠቃሚው ሊረሳው የማይገባው አንድ ሕግ ግን አለ፤ በራዱ በእሳት ላይ ሳለ አፉ በውታፍ መዘጋት የለበትም፣ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ውታፉንና የፈላውን ውሃ በሰው ፊት ላይ ይተፋል።

በዚያው በረሃ የነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ይህንም አላገኙም። የባዶ ቤንዚን ቆርቆሮ ቆርጠው፣ አሸዋ ሞልተው፣ በአሸዋው ላይ ቤንዚን አፍስሰው ይለኩሱና በሌላ ቆርቆሮ ሻይ ያፈሉ ነበር፤ የቤንጋዚ ምድጃ የተባለው ይህ ዘዴ አደገኛም አባካኝም ነበር፣ ሆኖም ሠርቷል። የብሪታንያ ጦር ከጦርነቱ በኋላ ካስገባው ሴንቹሪየን ታንክ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያፈላ ዕቃ በታንኮቹ ውስጥ መግጠሙ፣ ለሻይ ሲባል ከብረት ለበስ ተሽከርካሪ መውጣት በጦር ሜዳ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከመረዳት የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፈሳሽ ነዳጆች ሁሉ በአያያዝ ቀላሉ አልኮል ነው። የስዊድኑ ትራንጊያ ኩባንያ በ1925 ተመሥርቶ በ1951 ያወጣው የጉዞ ምድጃ እስከ ዛሬ በመሠረቱ ሳይለወጥ ይሸጣል፤ ከነሐስ የተሠራች፣ በመዳፍ የምትያዝ፣ ግድግዳዋ ድርብ የሆነ ኩባያ አልኮሉን ትይዛለች፣ ሲሞቅም ትነቱ በዙሪያዋ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እየወጣ ይነዳል። ፓምፕ፣ ቫልቭም ሆነ የሚደፈን ቱቦ የላትም። ድክመቷ ነዳጁ ውስጥ ነው፤ አንድ ግራም አልኮል የሚሰጠው ሙቀት 27 ኪሎ ጁል ያህል ስለሆነ፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ ከላምባው አንድ ጊዜ ተኩል የሚበልጥ ነዳጅ መሸከም ግድ ይሆናል፣ መፍያ ጊዜውም ይረዝማል። ትራንጊያን ያኖራት ግን ኩባያዋ ብቻ አይደለችም፤ ምድጃውንና ድስቱን አንድ ላይ የሚያቅፈው የአሉሚኒየም ከለላ፣ ነፋስ በሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ገብቶ እሳቱን እንዲያግዝ፣ ከላይ ግን እንዳይበትነው ያደርጋል። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ጠፍቷል ብሎ በሚነድ ኩባያ ላይ አልኮል የሚጨምር ሰው እሳቱ እስከ ያዘው ዕቃ ድረስ ሊከተለው ይችላል።

ቤንዚን የሚያነዱት ምድጃዎች በጥቂት ቃል ይታለፉ ይሆናል። ስቬያ 123 የተባለችው፣ ከ1955 ጀምሮ በስዊድን የተሠራች የነሐስ ምድጃ ፓምፕ እንኳ ሳያስፈልጋት ራሷ በፈጠረችው ሙቀት ነዳጇን ስለምታምቅ፣ በአሮጌ ዕቃ ወዳጆች ዘንድ እስከ ዛሬ ትወደዳለች። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ላሪ ፔንበርቲ የመሠረተው ማውንቴን ሴፍቲ ሪሰርች በ1973 ያወጣው ምድጃ ደግሞ የነዳጅ ጠርሙሱን ከማንደጃው ለይቶ በቱቦ አገናኘው፤ በዚህም ነዳጁን ከእሳቱ አርቆ ማንደጃውን በከለላ ሙሉ በሙሉ መክበብ ተቻለ። የመሥራቹ ዓላማ ተራራ ወጪዎች በረዶ በፍጥነት አቅልጠው በቂ ውሃ እንዲጠጡ ማድረግ ነበር። ላምባም ቤንዚንም የሚያነዱት የዛሬዎቹ ባለ ብዙ ነዳጅ ምድጃዎች የዚህ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ የታሸገ ጋዝ በማይገኝበት አገር የሚጓዝ ሰው ሌላ አስተማማኝ ምርጫ የለውም ለማለት ይቻላል፣ በተለይም ጋዝ የያዘ ቆርቆሮ በአውሮፕላን መጫን የተከለከለ በመሆኑ።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብዙኃኑን የማረከው የታሸገ ጋዝ ነው። ክብሪት ከመጫር በቀር ዝግጅት አይጠይቅም፣ አይፈስም። የሚከዳው በብርድ ነው፤ በቆርቆሮው ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠው ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊተን ስለማይችል ቆርቆሮው ሙሉ ሆኖ ሳለ ምድጃው ይጠፋል። ስለዚህ አምራቾች እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚተነውን ፕሮፔንና 12 ዲግሪ ያህል ከዜሮ በታች የሚተነውን አይሶቡቴን ይቀላቅሉበታል። ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ጋዙ ሲተን ከራሱ ቆርቆሮ ሙቀት ስለሚወስድ ቆርቆሮው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ፕሮፔኑም ቀድሞ ስለሚያልቅ በመጨረሻ የሚቀረው በብርድ የሚደክመው ክፍል ነው። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ሌሊት ቆርቆሮውን በመኝታ ከረጢታቸው ውስጥ የሚያሳድሩት ለዚህ ነው።

በ2004 ጄትቦይል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ምድጃ በአንደኛው አንቀጽ የተነሣውን ነጥብ ግልጽ ያደርገዋል። ማንደጃው ራሱ ከሌሎቹ የተለየ ኃይል አልነበረውም፤ አዲስ የሆነው በኩባያው ሥር በክብ የተበየደው የቀጭን ብረት ሽንሽን ነው፣ ይህም በጎን ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ አየር እያገደ ሙቀቱን ወደ ውሃው ያስገባዋል፣ በኩባያው ዙሪያ የተጠለቀው ሙቀት የሚይዝ ልባስም የገባው እንዳይወጣ ይከላከላል። በውጤቱ ግማሽ ሊትር ውሃ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈላል። ሆኖም አዲስ ምድጃ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው፣ ድስቱን በመክደንና ከቆርቆሮ በተቆረጠ ከለላ ነፋስን በመከልከል ብቻ ከዚህ ጥቅም አብዛኛውን ያገኛል። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ማንደጃው በቀጥታ በቆርቆሮው አናት ላይ የሚጠመድ የጋዝ ምድጃ በከለላ ሙሉ በሙሉ ከተከበበ ቆርቆሮው ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

ውሃው ከፈላ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ምን ያህል እንደሞቀ ነው። የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ የነበረው በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ፣ በሰሜን ተራሮች ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው የጨነቅ ማረፊያ 88 ዲግሪ ገደማ፣ በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ 85 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የቡና ባለሙያዎች ለተፈጨ ቡና የሚመክሩት የውሃ ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ በመሆኑ፣ በሌላ አገር ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት እንዲበርድ የሚጠብቀው ቡና አፍዪ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ምንም መጠበቅ አያስፈልገውም። ሻይ ቅጠል ግን የሚፈልገው ከዚህ የሞቀ ውሃ ስለሆነ በተራራ ላይ በኩባያ ውስጥ ብቻ የተነከረ ሻይ ለዝዞ ይቀራል፤ ቅጠሉን ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር በበራድ ውስጥ አቆይቶ ማፍላት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ለከፍታው የተሻለ መላ ነው። የወንዝ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃው ለሦስት ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመክራል፤ ከዚያ በታች አንድ ደቂቃ ይበቃል።

የቡናው አፈላል እንደ ተጓዡ ዕቃ ይለያያል። የሸክላ ጀበና ሙቀትን በመያዝ አቻ ባይኖረውም ለጓዝ አይሆንም፤ ይሰበራል፣ በኃይለኛ የጋዝ ነበልባል ላይ በድንገት ሲሞቅም ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስለዚህ የሚስማማው የከሰል ፍም ነው። አሠራሩ ግን በማንኛውም የብረት በራድ ሊደገም ይችላል፤ የተፈጨው ቡና ከውሃው ጋር ከፈላ በኋላ ከእሳት ወርዶ እስኪሰክን ከተጠበቀ አተላው ከታች ይቀራል። አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 በጣሊያን ለገበያ ያቀረበው፣ በእንፋሎት ግፊት ውሃውን በቡናው ውስጥ አሳልፎ ወደ ላይ የሚያወጣው የአሉሚኒየም ሞካ ለአነስተኛ ምድጃ ይመቻል። አሜሪካዊው መሐንዲስ አለን አድለር በ2005 ያወጣው ኤሮፕረስ ደግሞ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ በእጅ የሚገፋና የማይሰበር በመሆኑ ዛሬ በብዙ ተጓዦች ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። ወጣ ብሎ ለመመለስ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ፔርሙዝ ነው። መሠረቱን የጣለው ጄምስ ዲዋር የተባለው ስኮትላንዳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ አየር በወጣለት ድርብ ግድግዳ ሙቀት እንዳያልፍ ማድረግን ያሳየው ፕሪሙስ በተሠራበት በዚያው በ1892 ነው። ለአንድ ቀን ሽርሽር ምድጃ መሸከም ከአስፈላጊነቱ ይልቅ ደስታው ያመዝናል።

ስለ አደጋ ሲነሣ ከእሳት ቃጠሎ ይልቅ የማይታየው መርዝ ይበልጥ ያስፈራል። ማንኛውም ነዳጅ በቂ አየር በሌለበት ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውየው ሳይታፈን፣ ራስ ምታትና ድብታ ብቻ እየተሰማው፣ ራሱን ይስታል። ተዘግቶ ባደረ ቤት ውስጥ የተተወ የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለው በዚሁ ነው፣ የተዘጋ ድንኳንም ከተዘጋ ቤት አይሻልም። አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ ባይርድ በ1934 በአንታርክቲካ ብቻውን ክረምቱን ሲያሳልፍ ከምድጃውና ከጄኔሬተሩ በወጣው በዚህ ጋዝ ተመርዞ ለጥቂት ተርፏል። ስለዚህ ውሃ የሚፈላው ከድንኳን ውጭ ነው፤ ዝናብና ነፋስ ካስገደደ ደግሞ በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ መግቢያ ላይ።

አሮጌውንና አዲሱን ዕቃ ሲያነጻጽሩ ብዙዎች የሚያተኩሩት በፍጥነት ላይ ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ አዲሱ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። የአሮጌው ብልጫ ተፈትቶ መጠገን መቻሉ ነው። በፕሪሙስ ፓምፕ ውስጥ ያለው የቆዳ ማሸጊያ ሲደርቅ ጥቂት ዘይት ጠጥቶ ይነሣል፣ ካረጀም ከለስላሳ ቆዳ ሌላ ተቆርጦ ይተካል፤ የነዳጁ ቀዳዳ ሲደፈን በቀጭን ሽቦ ይጸዳል። የዘመናዊው የጋዝ ምድጃ ቫልቭ ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ይጣላል፣ ባዶው ቆርቆሮም በየተራራው የሚታይ ቆሻሻ ሆኗል። አሮጌ ፕሪሙስ የሚገዛ ሰው የማጠራቀሚያው ብየዳ ያልተሰነጠቀ መሆኑን፣ የግፊት መልቀቂያው ብሎን እንደሚሠራ፣ ቱቦዎቹ ከመገጣጠሚያቸው እንደማያፈሱ መመርመር አለበት። በተጨማሪም ለላምባ በተሠራ ምድጃ ውስጥ ቤንዚን መጨመር ፈጽሞ አይገባም፤ ቤንዚን በትንሽ ሙቀት ስለሚተን፣ ማጠራቀሚያው ሊሸከመው የማይችለው ግፊት ሊፈጠር ይችላል።